ከጋሪ ፈረስ ወደ ፈረስ ቤት፦ የፈረስ ተንከባካቢነት ሥራ ለሚፈልግ የድሬዳዋ ወጣት

ጥያቄ፦ «የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ያደግሁት ከአባቴ ጋሪ ጋር ስለሆነ ፈረስ ማብላት፣ ማጠጣት፣ መጥመድና መንዳት አውቃለሁ። አሁን ባጃጅ ስለበዛ የጋሪ ሥራ ቀዝቅዟል። በፈረስ ተንከባካቢነት ተቀጥሬ መሥራት፣ ወደፊትም የውድድር ጋላቢ መሆን እፈልጋለሁ። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ይገኛል? አንድ ደላላ ደግሞ በጉብኝት ቪዛ ዱባይ ወስዶ ፈረስ ቤት እንደሚያስቀጥረኝ ነግሮኝ ገንዘብ እየጠየቀኝ ነው። ልክፈለው?»

ምላሽ፦

ለደላላው ምንም ገንዘብ አትክፈል። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ በዝርዝር እገልጻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በጥያቄህ ውስጥ እንደ አንድ ነገር የቀረቡትን ሦስት ሙያዎች መለየት አለብኝ። ጋሪ ነጂ፣ ፈረስ ተንከባካቢና የውድድር ጋላቢ አንድ አይደሉም። የውድድር ጋላቢነት በአብዛኛው በልጅነት የሚጀመር፣ ከነኮርቻው ከ50 እስከ 60 ኪሎ ግራም በሚደርስ ክብደት ላይ መቆየትን የሚጠይቅ ሙያ ነው። በ22 ዓመትህ ጀምረህ ትደርስበታለህ ብዬ ተስፋ ልሰጥህ አልችልም፤ ፈረስ ቤት በተንከባካቢነት የገባ ሰውም ወደ ጋላቢነት የሚሸጋገረው ከስንት አንዴ ነው። ተንከባካቢው የሚያድገው በሌላ በኩል ነው፤ የተንከባካቢዎች ኃላፊ፣ የሰኮና ባለሙያ ወይም የእንስሳት ሐኪም ረዳት ይሆናል። ሥራውም ራሱን የቻለ ነው። ጎህ ሳይቀድ ጋጣ መጥረግ፣ መኖ መዝኖ መስጠት፣ ውኃ መቀየር፣ ገላ መቦረሽ፣ አራቱንም ሰኮና ማጽዳት፣ እግሩን በእጅ ዳስሶ ትኩሳትና እብጠት መፈለግ፣ ለጋላቢው ኮርቻ ጭኖ ማቅረብ፣ ከግልቢያ በኋላ በእርምጃ እያዞሩ ማቀዝቀዝ፣ ልጓሙንና ኮርቻውን ማጽዳት፣ የታየውን ሁሉ መመዝገብ። ጋላቢው በፈረሱ ላይ የሚቆየው በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በቀረው ጊዜ ፈረሱ ያለው በተንከባካቢው እጅ ነው። ይህ ሥራ ለአንተ የተሻለ በር ነው፤ እንደ መረማመጃ አትቁጠረው።

አሁን ወደ ድሬዳዋና ሐረር ልምጣ። ሙሉ መተዳደሪያ የሚሆን የፈረስ ተንከባካቢነት ቅጥር በእነዚህ ሁለት ከተሞች በመፈለግ ጊዜህን አታባክን። አካባቢው ፈረስ ስለማያውቅ አይደለም። የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኮንን እስከ ዛሬ በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው እየተባሉ ይጠራሉ፤ ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ደርሶ ከተቆረቆረች በኋላ ሰዉና ዕቃው ከጣቢያው ወደ ገበያውና ወደ መንደሩ ሲመላለስ የጋሪ ፈረስ የከተማዋ መልክ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን እዚህ ፈረስ ያለው ሰው የሚኖረው በፈረሱ ነው። ራሱ ወይም ልጁ ያበላዋል፣ ያጥበዋል፣ ይጠምደዋል። የቀን ገቢው ለመኖና ለቤት አስቤዛ ከዋለ በኋላ ለሌላ ሰው ደመወዝ የሚተርፍ ነገር የለውም። በሐረርም በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሸክሙን የሚችለው አህያው ነው፤ እሱንም የሚነዳው ባለቤቱ ነው። ቀጣሪ የሌለው ለዚህ ነው፤ የአንተ ማነስ አይደለም።

ሌላም ብዙ ሰው የማያነሳው ምክንያት አለ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባል በቫይረስ የሚመጣ ሕመም በአገራችን በየጊዜው ይነሳል። የሚያዛምቱት ከዝናብ በኋላ የሚበዙ ጥቃቅን ደም መጣጭ ትንኞች ናቸው። ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፤ በከባዱ ዓይነት ሳንባው ውኃ ይሞላና አረፋ በአፍንጫው እየወጣ ፈረሱ በጥቂት ቀናት ይሞታል። ክትባት ያላገኙ ፈረሶች በዚህ ዓይነቱ ከተያዙ የሚተርፉት በጣም ጥቂት ናቸው፤ አህያ ግን ብዙውን ጊዜ ይቋቋመዋል። ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 መካከለኛው ምሥራቅን ሲያዳርስ 300 ሺህ ያህል የጋማ ከብት ፈጅቷል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያን አልረሱም፤ ስለዚህ በሽታው ካለበት አገር ፈረስ ማስገባት እጅግ ጥብቅ ክልከላና ቁጥጥር አለበት። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከፍተኛ የጋማ ከብት ቁጥር ያላት አገር ሆና ሳለ ትልቅ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት የፈረስ ውድድርና ንግድ ያልሰፋባት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፈረሳችን በቀላሉ ድንበር ተሻግሮ ሊወዳደር አይችልም፤ ዋጋው ውድ የሆነ የውጭ ፈረስ ይዞ የሚመጣ ሰውም ጥቂት ነው። የአባትህን ፈረስ በተመለከተ ደግሞ ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው የክትባት አምራች ተቋም ስለሚመረት፣ ከክረምቱ በፊት በከተማችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በኩል ጠይቅ።

ስለ ችሎታህ በግልጽ ልናገር። ጋሪ ላይ ማደግህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ፈረስ አትፈራም፣ የጆሮውንና የጭራውን ቋንቋ ታነባለህ፣ በማለዳ መነሳት ለአንተ አዲስ አይደለም። ይህን በሦስት ወር ሥልጠና ለከተማ ልጅ ማስተማር አይቻልም። ነገር ግን ጋሪ ያስተማረህ አንዳንድ ነገር ፈረስ ቤት ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ያስወጣሃል። ፈረሱ ሲዘገይ ጅራፍ ማንሳት፣ ልጓሙን በኃይል መሳብ፣ ገጣባ ያለበትን ጀርባ በጨርቅ ሸፍኖ ሥራ ማስቀጠል፣ ሲያነክስ «ይለቀዋል» ብሎ መንዳት። ድህነት የሚያስገድደውን አውቃለሁ፤ የቀኑን ገቢ ካላመጣ ፈረሱም ቤተሰቡም ጦም ያድራሉ። ተቀጥረህ በምትሠራበት ቤት ግን በአንድ ጅማት ላይ የተሰማህን መጠነኛ ሙቀት ሳትናገር ፈረሱ ወደ ልምምድ ቢወጣ ጉዳቱ ለወራት ሊያስተኛው ይችላል፤ ተጠያቂውም አንተ ነህ። የምትቀጠረው እነዚህን ጥቃቅን ምልክቶች ቀድመህ እንድታይ ነው።

በተለይ ስለ ሆድ ቁርጠት አጥብቄ እናገራለሁ፤ በየመንደሩ ብዙ ፈረስ የሚያልቀው በሕመሙ ብቻ ሳይሆን በሕክምና ስም በሚደረግበት ነገር ጭምር ነው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ጨጓራው ለሰውነቱ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ገደማ ብቻ ይይዛል፤ ተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ማኘክ ነው። ሲርበው ውሎ ማታ ብዙ ፉርሽካ ወይም እህል በአንዴ ሲጨመርለት፣ ወይም ውኃ ሲያጣ ሆዱ ይታወካል። ጎኑን ዞሮ ያያል፣ መሬት ይጭራል፣ ይንከባለላል፣ ፋንድያ ያቆማል። ያን ጊዜ በጠርሙስ ዘይት፣ ሶዳ ወይም አረቄ በጉሮሮው መጋት ልማድ ነው። ፈሳሹ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባና ሁለተኛ በሽታ ይሆናል። በጋለ ብረት መተኮስም ሥቃይ ከመጨመር በቀር የሚፈታው የለም። መኖውን አንሳ፣ ውኃ አትከልክለው፣ ቀስ ብለህ በእርምጃ አዙረው፣ ሐኪም ጥራ። ተንከባካቢ የሚያደርገው ይኸን ነው፤ ከዚህ በላይ ያለው የሐኪም ድርሻ ነው።

ቀጣሪ ሲፈትንህ የሚያየው ቀላል የሚመስሉ ነገሮችን ነው። ወደ ፈረሱ በግራ ትከሻው በኩል፣ ድምፅህን እያሰማህ ትቀርባለህ ወይስ ከኋላው ትመጣለህ? ስትመራው ገመዱን እጅህ ላይ ትጠመጥማለህ ወይስ አጥፈህ ትይዛለህ? የጠመጠመ ሰው ፈረሱ ሲደነግጥ ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ስታስረው በአንድ ስበት የሚፈታ ቋጠሮ ትቋጥራለህ? አራቱንም እግር ሳትታገል አንስተህ ሰኮናውን ከተረከዙ ወደ ጫፉ ታጸዳለህ? ከዚያ ቁጥሮቹን ይጠይቅሃል። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16፣ የሰውነት ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ድድ በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሊመለስ ይገባል። የአንገት ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ውኃ አንሶታል። ደረቅ ሣርና ድርቆሽ ቢያንስ ከክብደቱ 1.5 በመቶ ያህል በየቀኑ ይፈልጋል፤ 250 ኪሎ ለሚመዝን የአገራችን ፈረስ ወደ አራት ኪሎ ማለት ነው፤ 500 ኪሎ ለሚመዝን የውድድር ፈረስ ደግሞ እጥፉ። ያደገ ሰኮና በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆረጣል።

የድሬዳዋ ሙቀት እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍኑ የፈረስ ጽናት ውድድሮች በስፋት ይካሄዳሉ። በየመሐሉ ፈረሱ ሐኪም ፊት ይቀርባል፤ የልብ ምቱ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ወደ 64 ወይም ከዚያ በታች ካልወረደ ከውድድሩ ይወጣል። ምቱን የሚያወርደው ውኃ እያፈሰሰ፣ ጥላ እያስያዘ፣ በእርጋታ እያዞረ የሚያቀዘቅዘው ተንከባካቢ ነው። በግንቦት ፀሐይ ፈረስ እንዴት እንደሚደክም በዓይኑ ያየ ሰው ይህን ሥራ ከብዙዎች ቀድሞ ይይዘዋል።

ታዲያ ከየት ትጀምር? ከቤትህ። የሙቀት መለኪያ፣ ብሩሽና የሰኮና መጥረጊያ ብረት ግዛ፤ የአባትህን ፈረስ በየጠዋቱ መርምረህ በደብተር መዝግብ፦ ሙቀት፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የበላው፣ የጠጣው፣ የሰኮናው ሁኔታ፣ ቁስል ካለ ስፋቱ። ስታጸዳው፣ ስትመራው፣ እግሩን ስታነሳ ሰው በስልክ ይቅረጽህ። ገጣባ ካለበት የጋሪውን ማሰሪያ ንጣፍ አስተካክለህ እስኪድን ድረስ በየሳምንቱ ፎቶ አንሳው። ማንም ፈረስ ቤት የትምህርት ማስረጃህን ከሚያምን ይልቅ እንዲህ ያለውን ደብተር ያምናል። ገራባ፣ ማለትም ከተቃመ የሚተርፈው የጫት ቅጠል፣ ለፍየል ይሰጣል እንጂ ለፈረስ መኖ አታድርገው፤ የጫት ቅጠል አነቃቂ ንጥረ ነገር ስላለው ውድድር ከሚወጣ ፈረስ መኖ አጠገብ ሊደርስ አይገባም።

ቀጥሎ ደንገጎን ወጥተህ ሐረማያ ሂድ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ወደ ክሊኒክ የሚመጣ የጋማ ከብት በሚታከምበት ጊዜ የሚይዝ፣ የሚያረጋጋ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ደመወዝ አትጠይቅ፤ በሳምንት የተወሰነ ቀን በነፃ ልርዳ በልና ማመልከቻ አስገባ። መልሳቸው እምቢ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በከተማህ ያለውን የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በተመሳሳይ መንገድ ጠይቅ። ከዚያ የምትፈልገው ሐኪሙ ፈርሞ የሚሰጥህን የሥራ ምስክርነት ነው።

የሚከፈልበት የአገር ውስጥ ሥራ በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። በከተማዋ ዳርቻ የግልቢያ ትምህርት የሚሰጡና የግለሰብ ፈረሶችን የሚያሳድሩ ቤቶች አሉ፤ በእንጦጦ ፓርክም የፈረስ ግልቢያ አገልግሎት ይሰጣል። ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መቀመጫ ናት፤ ስፓና እና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባሉ የጋማ ከብት ረድኤት ድርጅቶችም ሲሠሩባት ቆይተዋል። በባሌ ተራሮችና በዶዶላ ጎብኚዎች በፈረስ ይጓዛሉ፤ ነገር ግን ሥራው የአካባቢው ባለ ፈረሶች ስለሆነ ከሩቅ ለሚሄድ ሰው ተስፋው አነስተኛ ነው። በስልክ ብቻ አትጠይቅ፤ ደብተርህን ይዘህ በአካል ቅረብና ለጥቂት ቀን እንዲፈትኑህ ጠይቅ። ሲቀጥሩህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ መደበኛ የሥራ ሰዓትም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ፈረስ በእሑድም ስለሚበላ የዕረፍት ቀንህ በተራ እንዴት እንደሚሰጥ አስቀድመህ ተስማማ። መኝታ ከጋጣው አጠገብ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ምግብና መኝታ ከደመወዙ ይቀነስ አይቀነስ ጠይቅ።

ሥራ ከመጀመርህ በፊት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተከተብ። የበሽታው ተህዋስ በፋንድያና በአፈር ውስጥ ይገኛል፤ በምስማር የተወጋ እግር ይበቃዋል። የእብድ ውሻ በሽታም ፈረስንና አህያን ይይዛል፤ ድንገት ባሕርዩ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተውና ምራቁ የሚዝረከረክ ፈረስ አፍ ውስጥ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብለህ እጅህን አታስገባ።

አሁን ወደ ደላላው። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው ሠራተኛ አይደለም፤ ቪዛው ሲያበቃ ሕገወጥ ይሆናል፣ ደመወዙ ቢቀር የሚከስበት ውል የለውም። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም። የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱና የመድን ዋስትናው ወጪ የአሠሪው ነው፤ አንተ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን የግልህን ሰነዶች ወጪ ነው። ስለዚህ የገንዘብ ጥያቄው ብቻውን የሰውየውን ማንነት ይነግርሃል። የኤጀንሲ ፈቃድ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም በከተማህ ቢሮው ይጣራል።

ሌላው አደጋ ውሉ ላይ የተጻፈው የሥራ ዓይነት ነው። «ሳይስ» (በዐረብኛ የፈረስ ተንከባካቢ) ተብለው ተቀጥረው ከከተማ ርቆ በሚገኝ በረሃ ፍየልና ግመል እንዲጠብቁ የተደረጉ ሰዎች አሉ። በዱባይ፣ ማለትም በተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች፣ በግለሰብ ቤት ያለ ፈረስ የሚንከባከብ ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ከተዘረዘሩት ሙያዎች አንዱ ነው፤ ሕጉ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ደግሞ ቢያንስ 8ቱ ተከታታይ የሆኑ 12 የዕረፍት ሰዓታት ይሰጣል፤ ፓስፖርትህም በእጅህ ይቆያል። ይህ መብት የሚሠራው በሥራ ቪዛና በተመዘገበ ውል ለገባ ሰው ነው። ቪዛው ላይ ያለው ሙያና ውሉ ላይ ያለው ሙያ አንድ መሆናቸውን ዐረብኛ በሚያነብ በምታምነው ሰው አስነብብ፤ ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አታጣም። ጫት ደግሞ በኤሚሬቶችም በሳውዲም በወንጀል ያስጠይቃል፤ በሻንጣህ አንድ ቅጠል እንዳይገኝ።

ደላላው «ቪዛው ካልሆነ በጅቡቲ በኩል እናሳልፍሃለን» ካለህ ንግግሩን እዚያው አቁም። ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የሚወስደው መንገድ ብዙ የአካባቢያችንን ልጆች በባሕር አስቀርቷል፤ የተሻገሩትም ጦርነት ውስጥ ገብተው ለገንዘብ ማስለቀቂያ ታግተዋል። በዚያ መንገድ ሄዶ ከደህና ፈረስ ቤት በር የሚደርስ ሰው የለም ብለህ ቁጠር።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ለደላላው ልትከፍል ያሰብከውን ገንዘብ አዲስ አበባ ወይም ቢሾፍቱ ሄደህ ሥራ እስክታገኝ ለሚያስፈልግህ የመንገድና የመኝታ ወጪ አስቀምጥ። እስከዚያው በቤትህ ፈረስና በክሊኒክ ተለማመድ፤ በጎን ዐረብኛና መሠረታዊ እንግሊዝኛ አጥና። አገር ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ሠርተህ የአሠሪ ምስክርነት ሳትይዝ ስለ ውጭ አገር አታስብ። ከያዝክ በኋላ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ በሥራ ቪዛ ብቻ ሂድ። የፈረስ ቤቶቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ሞክረህ ቦታ ላታገኝ ትችላለህ። እንደዚያ ከሆነ በግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንስሳት ጤና ትምህርት ለመግባት የሚጠየቀውን የትምህርት ደረጃ አጣርተህ ተመዝገብ፤ በደብተርህና በክሊኒኩ ያገኘኸው ልምድ እዚያ አይባክንም፤ የሐረርጌ ገበሬም ለከብቱ፣ ለግመሉና ለአህያው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይፈልጋል።